ስለ ትምህርት ቤት ራውተር ሁለት ቁልፎችና ስለ አጠባበቃቸው

ለመምህራንና ለሀገር ሽማግሌዎች የተጻፈ ማስገንዘቢያ

ማናቸውም ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ግድግዳውና ስለ ጣሪያው ነው፤ ቤቱ ከተፈጸመ በኋላ ግን ዕለት ዕለት የሚያሳስበው በሩ ነው። ግድግዳው አንድ ጊዜ ከቆመ ቆሟል፤ በሩ ግን ጧት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል፣ ቁልፉም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ስለዚህ የቤት ጥበቃ ማለት ከሁሉ ይልቅ የበርና የቁልፍ ጥበቃ ነው።

በዛሬው ዘመን የትምህርት ቤት በር የሚባለው በአጥሩ ላይ የቆመው ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። ኢንተርኔት የገባበት ትምህርት ቤት ሁሉ ሌላ በር አለው፤ ይኸውም በርእሰ መምህሩ ክፍል ጥግ ተቀምጦ ትንንሽ መብራት የሚያበራው፣ ራውተር የተባለው መሣሪያ ነው። በዚህ በር የተማሪዎች ውጤት ይወጣል፤ የመንግሥት ደብዳቤ ይገባል፤ መምህሩም በእጅ ስልኩ ደመወዙን ይመለከታል። እንግዲህ የዚህ በር ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ የሚገባ ነገር ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይልቁንም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ላሉ ትምህርት ቤቶች ነው። እነዚህ ሦስት ከተሞች በአዲስ አበባ ደጃፍ የቆሙ ናቸው፤ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር አንድ አድርጎ የሸገር ከተማ የተባለውን አስተዳደር አቋቁሞባቸዋል። በቀድሞ ዘመን ነጋዴ በኬላ ቆሞ ከወዴት እንደ መጣና ምን እንደ ጫነ ሲጠየቅ ያዩ ወይም ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች፣ ራውተር የሚሠራውን ሥራ ለመረዳት አይቸገሩም። ኬላ ያለ ኬላ ጠባቂ ምን ሊሆን እንደሚችል ያውቁታልና።

፩ኛ። ራውተር ምን እንደ ሆነ

ስልክ ወደ ሀገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ደዋዩ ቀፎውን ሲያነሣ ጥሪው አስቀድሞ ወደ ማዞሪያ ቤት ይደርስ ነበር። በማዞሪያው የተቀመጠው ሠራተኛ የሚፈለገውን ሰው ጠይቆ አንዱን መስመር ከሌላው መስመር ጋር በእጁ ያገናኝ ነበር። ራውተርም ይህንኑ የማዞሪያ ሥራ ያለ ሰው እጅ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮችና የእጅ ስልኮች የሚነሣውን ጥያቄ ሁሉ ይቀበላል፤ ወደ ውጭ ይሰደዋል፤ መልሱም ሲመጣ ለጠየቀው ለይቶ ያስረክባል።

ይህን ለማድረግ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የውስጥ አድራሻ ይሰጠዋል። አድራሻውም በአራት ክፍል የተጻፈ ቁጥር ነው። ከውጭ ለሚመለከት ግን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ብዙውን ጊዜ እንደ አንድ አድራሻ ሆኖ ይታያል። ይህም በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ብዙ ልጆች ሳሉ ደብዳቤው ሁሉ በአባት ስም በአንድ የፖስታ ሣጥን እንደሚገባ፣ አባትም ለልጆቹ እንደሚያከፋፍል ያለ ነው።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ዛሬ መስመሩ ወደ ትምህርት ቤት የሚደርሰው በሦስት ዓይነት መንገድ ነው፤ በቀድሞው የመዳብ ስልክ ሽቦ፣ ፋይበር በተባለው ብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን ክር፣ ወይም እንደ እጅ ስልክ ሲም ካርድ በሚጎርስ መሣሪያ ነው። መንገዱ ቢለያይም ሦስቱም በራውተር ስለሚያልፉ ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ለሦስቱም የሚሆን ነው።

፪ኛ። ሁለቱ ቁልፎች

ራውተር ሁለት ቁልፍ አለው። ብዙ ሰው አንደኛውን ብቻ ያውቃል፤ ጉዳትም የሚመጣው ከዚሁ የተነሣ ነው።

የመጀመሪያው ቁልፍ የመግቢያ ቁልፍ ነው። ይህም የዋይፋይ የይለፍ ቃል ተብሎ የሚጠራው ነው። መምህሩ በእጅ ስልኩ ይህን ቃል ሲጽፍ በትምህርት ቤቱ መስመር ለመጠቀም ይፈቀድለታል። ሁለተኛው ቁልፍ የማስተዳደሪያ ቁልፍ ነው። ይህን የያዘ ሰው የራውተሩን የአስተዳደር ገጽ ከፍቶ መሣሪያውን እንደ ወደደ ያዘዋል። የመጀመሪያውን ቁልፍ ሊለውጥ፣ አንዱን ሊያስገባ፣ ሌላውን ሊያስወጣ፣ የጥያቄውንም መንገድ ወደ ሌላ ሊያዞር ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወደ ግቢ የሚያስገባ ሲሆን ሁለተኛው ጌታ የሚያደርግ ነው።

ፋብሪካው መሣሪያውን ሲሠራ ለሁለተኛው ቁልፍ አንድ ስምና አንድ ቃል አስቀምጦ ይልከዋል። በብዙ ዓይነት መሣሪያ ይህ ቃል ለአንድ ዓይነት ራውተር ሁሉ አንድ ነው፤ በመመሪያው መጽሐፍም ታትሞ ይገኛል። በሌሎችም ዘንድ በራውተሩ ሆድ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። አንድ ገበያ ሙሉ ሰው በአንድ ዓይነት ቁልፍ የሚከፈት ቁልፍ ጋን ገዝቶ በየቤቱ ቢያንጠለጥል ምን ይሆናል? ሁሉ የቆለፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አንዱ የሁሉን ቤት ይከፍታል። የፋብሪካውን ቃል ሳይለውጡ መተው ማለት ይህ ነው።

ለምሳሌ ያህል በሱሉልታ አጠገብ አንድ ትምህርት ቤት አለ እንበል። የዋይፋዩን ቃል ሠላሳ መምህራን ያውቁታል፤ ከእነርሱም አንዱ ለታናሽ ወንድሙ ነግሮታል። ብላቴናው ክፉ አሳብ የለውም፤ ነገር ግን ለማወቅ ይጓጓል። ከመስመሩ ከገባ በኋላ የራውተሩን አድራሻ ጽፎ የአስተዳደሩን ገጽ ይከፍታል። ስምና ቃል ሲጠየቅ ፋብሪካው የሰጠውን ይጽፋል፤ በሩም ይከፈትለታል። ከዚያ ወዲያ ርእሰ መምህሩን ከገዛ ትምህርት ቤቱ መስመር ሊያስወጣው ይችላል። ይህን ያደረገው ብላቴና ሳይሆን ገንዘብ ፈላጊ ሌባ ቢሆን ደግሞ ጉዳቱ ከዚህ የከፋ ነው።

፫ኛ። በሌላ ሀገር የደረሰው ጉዳት

ይህ በአሳብ ብቻ የሚነገር ነገር እንዳይመስል፣ በውጭ ሀገር የሆነውን ሦስት ነገር እናስታውሳለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በብራዚል ሀገር ሌቦች በአንዳንድ ሞደሞች ላይ የነበረውን ጉድለት አግኝተው የማስተዳደሪያውን ቃል ለወጡ። ከዚህም የተነሣ የተነካው መሣሪያ 4.5 ሚሊዮን ያህል ነበር። ሌቦቹ የለወጡት ዋናው ነገር ዲ ኤን ኤስ የተባለው ነው። ይህ ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። እኛ የባንክን ገጽ ለመክፈት ስሙን እንጽፋለን፤ ኮምፒውተር ግን የሚሄደው በቁጥር ነው። ስለዚህ ስሙን ተቀብሎ ቁጥሩን የሚነግር መንገድ አመልካች አለ፤ እርሱም ዲ ኤን ኤስ ነው። መንገድ አመልካቹ ሐሰተኛ ከሆነ፣ ተጠቃሚው የባንኩን ስም በትክክል ቢጽፍም ባንክ ወደሚመስል የሌባ ገጽ ይደርሳል፤ ምሥጢሩንም በገዛ እጁ ይሰጣል።

በጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም የገዛቸው ብዙ መሣሪያዎች ዲን በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ላይ በአንድ ጊዜ ዘመቱ። በዚያ ቀን ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ታላላቅ ገጾች ለብዙ ሰው አልከፈት አሉ። ሚራይ እነዚህን መሣሪያዎች የያዛቸው በረቀቀ ጥበብ አልነበረም። ከ60 የሚበልጡ የፋብሪካ ስሞችንና ቃላትን በዝርዝር ይዞ በየበሩ እየዞረ ይሞክር ነበር፤ የተከፈተለትንም ወታደሩ ያደርገው ነበር። ከተያዙትም መካከል የጥበቃ ካሜራዎችና ራውተሮች ነበሩ። ባለቤቶቻቸው መሣሪያቸው ለሌላ እንደሚዘምት አያውቁም ነበር። ይህን ፕሮግራም የጻፉት ሦስት አሜሪካውያን ወጣቶች እንደ ነበሩ፣ እነርሱም በ2017 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፍርድ ቤት ጥፋታቸውን እንዳመኑ ለተማሪዎች መንገር ይጠቅማል።

በኅዳር 18 ቀን 2009 ዓ.ም. በጀርመን ሀገር ዶይቸ ቴሌኮም የተባለው ኩባንያ 900,000 ያህል ደንበኞች መስመራቸው ተቋረጠ። ምክንያቱም ያው ሚራይ መልኩን ለውጦ፣ ራውተርን ከሩቅ ለማስተዳደር በሚያገለግል በር ለመግባት መሞከሩ ነው። ሙከራው ባይሳካለትም መሣሪያዎቹ ከሥራ ውጭ ሆኑ።

ከእነዚህ ሦስት ነገሮች የምንማረው አንድ ነው። ሌባው የሚፈልገው ሀብታሙን ቤት ብቻ አይደለም፤ ያልተቆለፈውን ቤት ሁሉ ነው። ከሩቅ ሀገር የሚሞክረው ሰው ሳይሆን የማይደክም መሣሪያ ስለ ሆነ፣ የሰበታ የገጠር ትምህርት ቤት ትንሽ ነው ብሎ አያልፈውም።

፬ኛ። ወደ አስተዳደሩ ገጽ ስለ መግባትና ቁልፉን ስለ መለወጥ

አስቀድሞ ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በሽቦ ማገናኘት ይሻላል፤ በዋይፋይ ሲሠሩ ቃሉን በለወጡ ጊዜ መስመሩ ይቋረጣልና። ከዚያም ኢንተርኔት በሚከፈትበት ፕሮግራም፣ የገጽ ስም በሚጻፍበት ስፍራ፣ የራውተሩን አድራሻ መጻፍ ነው። አድራሻው በብዙው መሣሪያ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ በአንዳንድ የፋይበር መሣሪያ 192.168.100.1 ነው። ትክክለኛው በመሣሪያው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል።

ገጹ ሲከፈት ኮምፒውተሩ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳይ ይሆናል። በሽቦ ለተያያዘው ለገዛ ራውተራችሁ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የራውተሩ የውስጥ ገጽ ዓለም የሚያውቀው የምስክር ወረቀት የለውምና። ነገር ግን ይህ ማስጠንቀቂያ በባንክ ወይም በመንግሥት ገጽ ላይ ከመጣ ፈጽሞ አትለፉት። ከላይ እንደ ተነገረው መንገድ አመልካቹ ሐሰተኛ የሆነበት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስምና ቃል ጽፋችሁ ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የማስተዳደሪያውን ቃል መለወጥ ነው። ስለ አዲሱ ቃል ይህን ልብ በሉ። ከ12 ፊደል አይነስ፤ ቢረዝም ይበልጥ መልካም ነው። የትምህርት ቤቱ ስም፣ የርእሰ መምህሩ ስልክ ቁጥር ወይም የተመሠረተበት ዓመት አይሁን። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላትን መርጦ አንድ ላይ መጻፍ ለማስታወስ ይቀላል፤ ለገማችም ይከብዳል። የታወቀ ተረት ወይም ምሳሌ ግን አይሁን፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነውና። ብዙው መሣሪያ የግእዝን ፊደል ስለማይቀበል የአማርኛ ወይም የአፋን ኦሮሞ ቃላትን በላቲን ፊደል መጻፍ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ አጻጻፉ በአንድ ዓይነት እንዲሆን በወረቀት መዝግቡት። ይህም ቃል ከዋይፋዩ ቃል ጋር ፈጽሞ አንድ አይሁን። ሁለተኛውን ቁልፍ የያዘ የመጀመሪያውን ከገጹ ላይ ማንበብ ይችላል፤ የመጀመሪያውን የያዘ ግን ሁለተኛውን ማግኘት አይገባውም።

አገልግሎቱን የሰጠው ኩባንያ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ወይም ሌላ፣ ለራሱ ሠራተኞች ያስቀመጠው ስም ወይም ቅንብር በአንዳንድ መሣሪያ ላይ ይገኛል። ይህን ኩባንያውን ሳትጠይቁ አትንኩ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ የሆነ በ994 ደውሎ ሊጠይቅ ይችላል።

፭ኛ። የመግቢያውን ቁልፍ ስለ ማጽናት

በዋይፋይ ክፍል ውስጥ የምሥጢር አጠባበቁ ዓይነት ይጠየቃል። ደብልዩ ኢ ፒ የተባለው ከ2001 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ መሰበሩ የታወቀ ነውና አትምረጡት። ክፍት የሚለውንም አትምረጡ። ደብልዩ ፒ ኤ 3 የሚል ካለ እርሱን፣ ከሌለ ደብልዩ ፒ ኤ 2 የሚለውን ምረጡ። ደብልዩ ፒ ኤስ የተባለው፣ በስምንት አኃዝ ወይም ቁልፍ በመጫን ብቻ የሚያስገባው፣ በቀላሉ ስለሚሰበር ይዘጋ።

ብዙ ራውተር ለእንግዳ የሚሆን ሁለተኛ ዋይፋይ መክፈት ይችላል። ይህ ለትምህርት ቤት እጅግ ይጠቅማል። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተሮችና የፈተና ውጤት የሚጻፍባቸው በአንዱ፣ የመምህራንና የእንግዶች የእጅ ስልኮች በሌላው ይሁኑ። በቤታችንም እንግዳ በሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጎተራ ወዳለበት ጓዳ አይገባም፤ ይህም የእንግዳ ንቀት ሳይሆን የቤት ሥርዓት ነው።

የዋይፋዩን ስም መደበቅና በመሣሪያ ቁጥር መለየት የሚባሉ ዘዴዎችም አሉ። ነገር ግን ጥቅማቸው ጥቂት ነው፤ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ያልፋቸዋል። እንደ እሾህ አጥር ይቁጠሯቸው እንጂ እንደ በር አይታመኑባቸው።

፮ኛ። የውጭውን በር ስለ መዝጋት

ራውተርን ከሩቅ፣ ማለት ከትምህርት ቤቱ ውጭ በኢንተርኔት በኩል፣ ማስተዳደር የሚያስችል ቅንብር አለ። በየመሣሪያው በልዩ ልዩ ስም ይጠራል፤ አሳቡ ግን አንድ ነው። ትምህርት ቤት ይህን አይፈልገውም፤ ስለዚህ ይዘጋ። የአስተዳደሩ ገጽ ከውስጥ ብቻ፣ ከተቻለም ከርእሰ መምህሩ ኮምፒውተር አድራሻ ብቻ እንዲከፈት ይታዘዝ። ቴልኔት የተባለው አሮጌ መግቢያ የይለፍ ቃልን ሳይሰውር በግልጽ ስለሚያስተላልፍ ይዘጋ፤ የሚያስፈልግ ከሆነ ኤስ ኤስ ኤች የተባለው በስፍራው ይሁን። መሣሪያዎች ሳያስፈቅዱ በራሳቸው በር የሚያስከፍቱበት ዩ ፒ ኤን ፒ የተባለውም ይዘጋ።

የመንገድ አመልካቹን፣ የዲ ኤን ኤስን ቁጥር፣ መጀመሪያ በትክክል ሲሠራ ሳለ በወረቀት መዝግቡ። በየወሩም ከፍታችሁ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩት። ሳታዙት ተለውጦ ብታገኙት ሌላ ሰው እንደ ገባ የሚያሳይ ምልክት ነው። በዚያን ጊዜ የማስተዳደሪያውን ቃል ለውጡ፤ ኩባንያውንም ጠይቁ።

ፈርምዌር የተባለው የመሣሪያው የውስጥ ፕሮግራም እንደ ማናቸውም የሰው ሥራ ጉድለት ይገኝበታል፤ ፋብሪካውም ጉድለቱን የሚያርም አዲስ ጽሑፍ ያወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት 2018 ዓ.ም. ቪ ፒ ኤን ፊልተር የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በ54 ሀገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያ እንደ ያዘ ታወቀ፤ የተያዙትም በብዛት የታወቀ ጉድለታቸው ሳይታረም የቆዩ ነበሩ። ስለዚህ በየወሰነ ትምህርቱ አንድ ጊዜ አዲስ እርማት መኖሩን መመልከት ይገባል። እርማቱ በሚጫንበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ መሣሪያው ሊበላሽ ስለሚችል፣ መብራት በማይቋረጥበት ሰዓት ወይም ባትሪ ባለበት ይሠራ።

፯ኛ። ስለ ሰዓቱና ስለ ማኅደሩ

ራውተር ማን መቼ እንደ ገባና ምን እንደ ተለወጠ የሚጽፍበት ማኅደር አለው። ይህ ማኅደር እንደ ዘብ ቤት መዝገብ ነው፤ ሰዓቱ ትክክል ካልሆነ ግን ምስክርነቱ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ የሰዓቱ ቅንብር ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድም ሆኖ ይስተካከል፤ ሰዓቱንም ከኢንተርኔት በራሱ እንዲያርም ይታዘዝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መሣሪያው የሚቆጥረው እንደ አውሮፓ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ ቀኑንም የሚጽፈው በእነርሱ ወር ነው። በማኅደሩ 8 ሰዓት ተኩል ተብሎ የተጻፈው በእኛ ጧት 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ 2 ሰዓት ተብሎ የተጻፈውም በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ይህን ሳይለዩ፣ በቀኑ 2 ሰዓት በቢሮ የነበረውን ንጹሕ መምህር በሌሊት ለሆነው ነገር መጠርጠር ይመጣል። በሰው ስም የሚደርስ በደል ከመሣሪያ ጉዳት ይከፋልና፣ ሽማግሌዎች እንደዚህ ያለ ክስ ሲቀርብላቸው አስቀድመው የሰዓቱን አቆጣጠር ይጠይቁ።

፰ኛ። ቁልፉ በማን እጅ ይኑር

እስከ አሁን የተነገረው የእጅ ሥራ ነው፤ አንድ የሚያውቅ መምህር በአንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጽመዋል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን የማኅበር ሥራ ነው፤ ያለ እርሱ የፊተኛው ሁሉ አይጸናም።

በብዙ ትምህርት ቤት የሚታየው ነገር እንዲህ ነው። ራውተሩን ያቀናው ወጣት መምህር ቃሉን በልቡ ይዞ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል፤ የተተካውም መግባት አይችልም። ያን ጊዜ በመሣሪያው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ለ10 ሰከንድ ያህል ይጫኗታል። ይህች ቀዳዳ መሣሪያውን ወደ ፋብሪካው ሥርዓት የምትመልስ ናት። የተደከመበት ሁሉ ይፈርሳል፤ የፋብሪካው ቃል ይመለሳል፤ የተዘጋው በር ይከፈታል። በመዳብ መስመር ላለውም ኩባንያው የሰጠው የመስመር ስምና ቃል አብሮ ስለሚጠፋ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ቀዳዳዋን ማንም እንዳይነካት ራውተሩ አየር በሚያስገባ፣ በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ሁለተኛው፣ ቃሉ በአንድ ሰው ልብ ብቻ አይኑር። እድር የገንዘብ ሣጥኑን እንዴት እንደሚጠብቅ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ እርስ በርሳቸው ይተማመናሉ፤ ነገር ግን ስለ መተማመናቸው ብለው ሥርዓቱን አይተዉም፤ ሲሰጡና ሲረከቡ ይፈራረማሉ። ለራውተሩም እንዲሁ ይደረግ።

የማስተዳደሪያው ቃል፣ የመስመሩ ስምና ቃል፣ የዲ ኤን ኤስ ቁጥር፣ የተዘጉትም በሮች ዝርዝር በአንድ ወረቀት ይጻፍ። ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ፣ ርእሰ መምህሩና አንድ የወላጆች ኮሚቴ አባል ፈርመውበት፣ የፈተና ወረቀት በሚቀመጥበት በሚቆለፍ ሣጥን ይቀመጥ። የቅንብሩ ግልባጭም ከአስተዳደሩ ገጽ ወርዶ በዩ ኤስ ቢ ይያዝ፤ በውስጡ ቃሎች ስላሉበት እርሱም እንደ ፖስታው ይጠበቅ። መሣሪያውን የሚያስተዳድረው መምህር ሲዛወር በርክክብ ቀን ቃሉ ይለወጥ፤ ይህም በመዝገብ ይጻፍ። ቃሉን መለወጥ የቀድሞውን መምህር መጠርጠር አይደለም። ይልቁንም ከዚያ በኋላ ለሚሆነው ነገር ሁሉ እርሱን ከነገር ነጻ የሚያወጣ ነው።

የቅንብሮቹ ስም በመሣሪያው ላይ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ፣ ትምህርት ቤቱ ትርጓሜያቸውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፎ ከወረቀቱ ጋር ቢያኖር ለሚተካው መምህር ታላቅ ረድኤት ይሆናል።

፱ኛ። ሕጉ ምን እንደሚልና ተማሪን ስለ ማስተማር

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሎበታል። ትምህርት ቤትም የልጆችን ስም፣ ዕድሜና ውጤት፣ የወላጆችንም ስልክ ቁጥር የያዘ ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል፤ ቴሌብርም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብን ወደ እጅ ስልክ አምጥቷል። እንግዲህ በዚህች ትንሽ መሣሪያ በኩል የሚያልፈው ነገር ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ይሄዳል።

ነገር ግን ሕጉን ለማስፈራሪያ ብቻ ማዋል አይገባም። ከላይ በምሳሌ እንደ ተነገረው ብላቴና ያለ፣ በሩን ሁሉ መግፋት የሚወድ ልጅ፣ በየትምህርት ቤቱ ይገኛል። ጥበበኛ መምህር ይህን ልጅ ከማሳደዱ በፊት ወደ ራሱ ያቀርበዋል። የራውተሩን አሠራር ያስተምረዋል፤ በወር አንድ ቀን የዲ ኤን ኤስ ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ሲያስተያይ አጠገቡ ያስቀምጠዋል፤ የሰው በር ያለ ፈቃድ መክፈት ነውርም ወንጀልም እንደ ሆነ ይነግረዋል። በዚህ ዓይነት የሚያድግ ልጅ ነገ ለሀገሩ በር ጠባቂ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ነገሩን ለማሳጠር፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ይህን ይያዝ፤ ራውተር ሁለት ቁልፍ አለው፤ ከሁለቱም የሚበልጠው ሰው ሁሉ የረሳው ነው። ይህን ያነበበ መምህር ነገ ጧት ከትምህርት ሰዓት በፊት የማስተዳደሪያው ቃል ተለውጦ እንደ ሆነ ይጠይቅ። ይህን የሰማ ሽማግሌም በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «የዚህ መሣሪያ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ተፈርሞ ተረክቧልን?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን ለመጠየቅ የኮምፒውተር ዕውቀት አያስፈልግም፤ የእድርን ሣጥን የጠበቀ ሰው ይህንንም ይጠብቃል።

አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። የአንድ ቃል መለወጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከተዘረፉ በኋላ የሚደረገው ጩኸት ግን የልጆችን ውጤት ወይም የመምህርን ደመወዝ አይመልስም። ስለዚህ ጅቡ ገና በሩቅ ሳለ በሩ ይዘጋ።